ጥቆማ፦ እህል ላለበት ክፍል የትኛው የአይጥ ወጥመድ ይሻላል?

ጠያቂ፦ እህል በጆንያ በሚቀመጥበት ክፍል ትልልቅ አይጦች ገብተዋል። ስፕሪንግ ያለው ወጥመድ፣ የሽቦ ሳጥን ወይስ ማጣበቂያ? ሕፃንና ድመት ስላሉ መርዝ አልፈልግም።

ጎተራው፦ ስፕሪንጉን ግዢ፣ ግን 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝመውን። ትንሹ ለትንንሾቹ ብቻ ነው፤ ትልቋን አቁስሎ ይለቃታል። አይጥ መሃል ወለል አትወድም፣ ግድግዳ ታክካ ነው የምትሄደው። ስለዚህ ምግቡ ያለበት ጫፍ ግድግዳውን ይንካ፣ ወጥመዱ ወደ ክፍሉ ይዘርጋ። የለውዝ ቅቤ የአተር ፍሬ ታህል ይበቃል፤ ከበዛ ሳታስፈነጥረው ልሳ ትሄዳለች። እህል አታድርጊበት፣ እሱማ ሞልቶላታል።

ኮርኒስ፦ መርዝ እንዳትሞክሪ! ኮርኒስ ውስጥ ሞታ ሽታው ቤቱን አስለቅቆናል። ሻጩ «ውኃ ፍለጋ ወጥታ ነው የምትሞተው» ብሎን ነበር።

ሰላም፦ ውሸት ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መርዝ የሚገድለው ከ3 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ጉድጓዷ ገብታለች። ድመት የሞተችውን ብትበላ ለእሷም ይተርፋታል። ከበላች ቶሎ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት፣ መድኃኒቱ ቫይታሚን ኬ1 ነው።

ኮርኒስ፦ ሽታውን ምን ያጠፋዋል?

ሰላም፦ ሬሳውን ከማውጣት ሌላ መፍትሔ የለውም።

ሽቦ፦ ሰዎች፣ መርዝ አልፈልግም ያለችውን አንብባችኋል? የተጠየቀው ወጥመድ ነው።

የድመት ወዳጅ፦ ድመት እያለ ወጥመድ ለምን? ጎበዝ ድመት አንድ አይጥ አታስቀርም።

ሽቦ፦ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ የብሩክሊን (ኒው ዮርክ) ጥናት ላይ 79 ቀን በካሜራ ተቀርጾ ድመቶቹ ሲገድሉ የታየው 2 አይጥ ብቻ ነው። ድመት ትልቅ አይጥ ላይ ብዙም አትደፍርም።

የድመት ወዳጅ፦ የፈረንጅ ድመት ይሆናላ። እኔ ከድመቴ አልወጣም።

ጠያቂ፦ ማጣበቂያውስ?

ጎተራው፦ እህል ቤት አቧራ ይበዛል፣ ማጣበቂያው በአንድ ሁለት ቀን ይደርቃል። ትልቋ ፀጉሯን ጥላ ታመልጣለች፣ የተያዘችውም ስትሰቃይ ታድራለች። ድመቷ ከረገጠችው የምግብ ዘይት እያሸሽ አላቂያት።

ሽቦ፦ ትልቅ አይጥ አዲስ ዕቃ ትፈራለች። ብዙ ሰው «ወጥመዱ አይሠራም» የሚለው በመጀመሪያው ቀን ስለሚያጠምደው ነው። ምግቡን አድርገሽ ሳታጠምጂው ጥቂት ቀን ተዪው፤ መብላት ስትለምድ ሁሉንም በአንድ ሌሊት አጥምጂ። አንድ ወጥመድ አይበቃም፣ ስድስት ስምንት ይሁን። ለሕፃኑና ለድመቷ በእንጨት ሳጥን ውስጥ አስቀምጪው፣ ሁለት ጫፉ ላይ አይጥ ብቻ የምታስገባ ቀዳዳ ይኑረው።

ሰላም፦ ቀዳዳዎቹንም ድፈኑ። ለትንሿ እርሳስ የሚያስገባ ክፍተት ይበቃታል። የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በሲሚንቶ ለስኑት፤ ፎም ብቻውን ትበሳዋለች። ኩሷን በደረቁ አትጥረጉ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጣችሁ አርሱትና ቆይታችሁ በጓንት አንሡ።

ኮርኒስ፦ የሽቦ ሳጥኑን የሞከረ አለ?

ጎተራው፦ አለ። በየጠዋቱ ማየት ግድ ነው፣ የተያዘችውንም ምን እንደምታደርጉ ቀድማችሁ ወስኑ። ስፕሪንጉን ደግሞ በሽቦ ከቋሚ ነገር ጋር እሰሩት፤ በጅራቷ ወይም በእግሯ ብቻ ከተያዘች ይዛው ጉድጓድ ትገባለች።