የልምምድ ላብራቶሪያችን የቢሮውን ኔትወርክ እንዳይነካ፦ የሐዋሳ አባላት የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ለአሠሪዎቻችን የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እዚሁ እንቅረጸው። ጥያቄያችን አጭር ነው። አባላት ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ ቢሮ ቁጭ ብለው፣ በላፕቶፕ ላይ ሁለት ሦስት ቪኤም (ላፕቶፑ ውስጥ በሶፍትዌር ተፈጥሮ እንደ ሌላ ኮምፒውተር የሚሠራ) አስነስተው እንዲለማመዱ ይፈቀድልን። ሰርቨር መትከል፣ ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) ማዋቀር፣ ዶሜይን (ኮምፒውተሮችን በአንድ ማዕከል ማስተዳደሪያ) ማቋቋም የሚለመደው በእጅ ሲነካ ነው። በምላሹ እኛ ቃል እንገባለን፦ ከቪኤሞቹ ምንም ነገር ወደ መሥሪያ ቤቱ ኔትወርክ አይወጣም። ይህን ቃል እንዴት እንደምንጠብቀው ካልጻፍን ግን የትኛውም ኃላፊ አይፈርምልንም። ባይፈርምም አልፈርድበትም። በሉ ከየሰፈራችሁ ሐሳብ ስጡ።

ከመናኸሪያ፦
የቪኤሙ ኔትወርክ እኔ «ብሪጅድ» (ቪኤሙን ቀጥታ ከቢሮው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ ምርጫ) ይሁን ባይ ነኝ። ቪኤሙ ከቢሮው ራውተር አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ) ይወስዳል፣ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ከላፕቶፑም ጋር ይገናኛል። የሚነካው አንድ ምርጫ ብቻ ነው። ጀማሪ አባላት ስላሉን አናወሳስብባቸው።

ከሐይቅ ዳር፦
ወንድሜ፣ ለጀማሪዎቹ ማሰብህ ደስ ይላል። በዚህኛው ግን አልስማማም። በ«ብሪጅድ» ቪኤሙ የራሱን ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) ይዞ ቢሮው ስዊች (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኝ ሳጥን) ላይ እንደተሰካ አንድ ተጨማሪ ኮምፒውተር ይሆናል። አንዱ አባል ለልምምድ ብሎ ዲኤችሲፒ (አይፒ የሚያድል) ሰርቨር ቢያስነሳስ? የቢሮው ኮምፒውተሮች አይፒ ሲጠይቁ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የመለሰላቸውን ነው የሚቀበሉት። የእኛ ቪኤም ከቀደመ ለሂሳብ ክፍሉ የማይሠራ ጌትዌይ (ከኔትወርኩ ወደ ውጭ መውጫ) ያድላል። ይህ በአንድ መሥሪያ ቤት ሲደርስ አይቻለሁ። ጠዋት ግማሹ ሠራተኛ «ሲስተም የለም» እያለ ባለጉዳይ ሲመልስ ነበር። ምክንያቱ አንድ የልምምድ ሰርቨር ነው።

ስዊቹ በየፖርቱ የሚፈቅደው ማክ ከተገደበ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሁለተኛ ማክ ሲያይ ፖርቱን ሊዘጋው ይችላል፣ ላፕቶፑም አብሮ ይቋረጣል። በዋይፋይማ «ብሪጅድ» ብዙ ጊዜ ያስቸግራል።

ከታቦር፦
እንግዲያው «ናት» (ቪኤሙ ከላፕቶፑ ጀርባ ሆኖ የሚወጣበት ምርጫ) ይሁና። ቨርቹዋል ቦክስ (ቪኤም ማስነሻ ፕሮግራም) አዲስ ቪኤም ሲፈጠር ራሱ የሚሰጠው እሱን ነው። ቪኤሙ 10.0.2.15ን ይይዛል፣ ከቢሮው ኔትወርክ ማንም አያየውም። ካልታየ ተለየ ማለት አይደል?

ከሐይቅ ዳር፦
ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው።

«ናት» ከውጭ የሚመጣውን እንጂ ከውስጥ የሚወጣውን አይከለክልም። በሩ ከውጭ ተቆልፎ ከውስጥ ግን በነጻ እንደሚከፈት ቤት ነው። ቪኤሙ የሚልከው ሁሉ በላፕቶፑ አይፒ ስም ይወጣል። ስለዚህ ላፕቶፑ የሚደርስበት ቦታ ሁሉ ቪኤሙም ይደርሳል። ፕሪንተሩ፣ ፋይል ሰርቨሩ፣ የደንበኞች ዳታቤዝ፣ ሁሉም ክፍት ነው። ላፕቶፑ ላይ ቪፒኤን (ከሩቅ ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ የተመሰጠረ መስመር) ከተከፈተ ብዙውን ጊዜ በእሱም በኩል ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ያልፋል።

አሁን አንድ አባል ፖርት ስካን (ኮምፒውተሮች ላይ ክፍት የሆነ አገልግሎት ፍለጋ) ሲለማመድ አስቡት። የአይፒውን አንድ ቁጥር ከሳተ ስካኑ ቀጥታ የቢሮው ኔትወርክ ላይ ያርፋል። ፋየርዎሉ መዝገብ ላይ የሚታየውም ቪኤሙ ሳይሆን የእሱ ላፕቶፕ ነው። ቫይረስ ያለበት ፋይል ቪኤም ውስጥ ቢከፈትም መንገዱ ያው ነው። አለመታየት አንድ ነገር ነው፣ መድረስ አለመቻል ሌላ ነው። እኛ የምንፈርመው ለሁለተኛው ነው።

ለዚህ የሚሆነው «ሆስት ኦንሊ» ነው። ላፕቶፑ ላይ አንድ የሐሰት ኔትወርክ ካርድ ይፈጠራል። ቪኤሞቹና ላፕቶፑ በእሱ ይገናኛሉ፣ ከእውነተኛው ካርድ ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም። ቨርቹዋል ቦክስ ላይ ላፕቶፑ 192.168.56.1 ይሆናል፣ ቪኤሞቹም ከዚያው ሰፈር አድራሻ ያገኛሉ። ጌትዌይ አይሰጣቸውም፤ ስለዚህ «ኢንተርኔት የለም» ቢላችሁ አትደንግጡ፣ የተፈለገው እሱ ነው። ከላፕቶፑም ጭምር መነጠል የሚፈልግ ልምምድ ካለ «ኢንተርናል» የሚባለው አለ፤ እዚያ ቪኤሞቹ እርስ በርስ ብቻ ነው የሚገናኙት።

ከመናኸሪያ፦
እሺ፣ ስለ «ናት» ያልሽው አሳምኖኛል፤ «ብሪጅድ»ንም ትቻለሁ። ግን ኢንተርኔት ከሌለ ሶፍትዌር በምን ይጫናል? ኡቡንቱ ላይ አንዷን ፓኬጅ ለመጫን ኢንተርኔት ያስፈልጋል።

ከታቦር፦
እሱን እኔ ልመልስ። መጫኑ ቤት ይሁን፣ በራሳችን ዋይፋይ ወይም በስልክ ዳታ። ያን ጊዜ «ናት» ይከፈት፣ የሚያስፈልገው ሁሉ ይጫን፣ አፕዴቱም ይሠራ። ከዚያ ካርዱ ወደ «ሆስት ኦንሊ» ይቀየርና ስናፕሾት (ቪኤሙን ወደነበረበት መመለሻ ቅጂ) ይወሰድ። ቢሮ የሚመጣው የተዘጋው ቪኤም ብቻ ይሆናል።

ሁሉም ከየቤቱ ጊጋ ባይት ከሚያወርድ ደግሞ አንድ ሰው አዘጋጅቶ በኦቪኤ ፋይል (ሙሉ ቪኤም የታሸገበት) በፍላሽ ያድለን። የዳታ ዋጋ ለሁላችንም ያው ነው። ከኦቪኤው ጋር የሻ 256 ቁጥሩ (ፋይሉ አለመለወጡን ማረጋገጫ) ይጻፍ፣ ተቀባዩ ከመክፈቱ በፊት ያመሳክር። ኢምፖርት ሲደረግ ማክ አድራሻዎቹ እንደ አዲስ እንዲፈጠሩ ይመረጥ። ኡቡንቱ ሰርቨር ከሆነ ማሽን አይዲውም (የሲስተሙ መለያ) መቀየር አለበት። ካልተቀየረ ማኩ ቢለያይም ሁለቱ ቅጂዎች ከዲኤችሲፒ አንድ ዓይነት አይፒ ሊወስዱ ይችላሉ። ቀላሉ መፍትሔ ለየቪኤሙ በእጅ ቋሚ አይፒ መስጠት ነው።

ከባህል አዳራሽ፦
ልጆች፣ ቴክኒኩን እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ላፕቶፑ የማን ነው? የመሥሪያ ቤቱ ከሆነ ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ምንም ፕሮግራም አይጫንበት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባትን ወንጀል ያደርገዋል። «ስለማመድ ነበር» ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ ቪኤም ውስጥ እውነተኛ የደንበኛ መረጃ አይግባ። ስም፣ ስልክ፣ የሂሳብ ቁጥር፣ ምንም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ለልምምድ የተፈጠረ መረጃ ይበቃል። ኃላፊ መጀመሪያ የሚጠይቀን ይህንን ነው፤ ሳይጠይቀን ብንጽፈው እምነት ያሳድራል።

ጸሐፊ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ሁለቱም ይገባሉ። ስለ ሶፍትዌር ፈቃድም የሚያውቅ ካለ ይጨምር።

ከታቦር፦
የቨርቹዋል ቦክስ ዋናው ፕሮግራም ክፍት ምንጭ ነው፣ ለቢሮም ይሆናል። ኤክስቴንሽን ፓክ የሚባለው ተጨማሪ ጥቅል ግን ለግልና ለትምህርት ብቻ ነው በነጻ የሚፈቀደው። መሥሪያ ቤት ውስጥ አያስፈልገንም፣ ይቅር። ቪኤምዌር ወርክስቴሽን ፕሮ (ሌላው ቪኤም ማስነሻ) ከኅዳር 2017 ጀምሮ ለሁሉም ነጻ ሆኗል። እዚያ «ሆስት ኦንሊ»ው ቪኤምኔት 1 ነው። ሃይፐር ቪ (የዊንዶውስ የራሱ ቪኤም ማስነሻ) ዊንዶውስ ሆም ላይ የለም።

ስለ አድራሻውም ሐሳብ አለኝ። ቢሮው ራሱ 192.168.56 ላይ ካለ ላፕቶፑ ግራ ይጋባል፤ ወደ የትኛው ካርድ እንደሚልክ አያውቅም። ስለዚህ ሁላችንም 192.168.60 ላይ እንስማማ። ሊኑክስና ማክ ላይ አዳዲሶቹ ቨርቹዋል ቦክሶች ለ«ሆስት ኦንሊ» ያለ ተጨማሪ ፋይል የሚፈቅዱት ከ192.168.56 እስከ 192.168.63 ያለውን ነው። 60 እዚያ ውስጥ ስላለ ማንም አይቸገርም። ቢሮው 60ንም የሚጠቀም ከሆነ 61 ይወሰድ።

ከመናኸሪያ፦
ቤት ሞከርኩት። ዊንዶውስ 11 ነው። ቪኤሙ 192.168.60.10ን ያዘ፣ ግን ከቪኤሙ ላፕቶፑን ፒንግ (ይደርስ እንደሆነ መሞከሪያ መልእክት) ሳደርግ አይመልስም። ምኑ ተበላሸ? ደግሞ ከታች የኤሊ ምልክት ያሳየኛል።

ከሐይቅ ዳር፦
ምንም አልተበላሸም። ዊንዶውስ አዲሱን ካርድ «ፐብሊክ» ብሎ ይመድበዋል፣ ፋየርዎሉም ፒንግ አይመልስም። እባክህ ፒንግ ለማግኘት ብለህ ወደ «ፕራይቬት» እንዳትቀይረው። ከቀየርከው ሼር የተደረጉ ፎልደሮችህ ለቪኤሙ ሊከፈቱ ይችላሉ። ይልቅ ከላፕቶፑ ወደ ቪኤሙ ሞክር፤ ፒንግ አድርግ ወይም በኤስኤስኤች (በርቀት መግቢያ) ግባ። ለሥራም የምንፈልገው በዚያ አቅጣጫ ነው።

ኤሊዋ ከኔትወርኩ ጋር አትገናኝም። ላፕቶፑ ላይ ሃይፐር ቪ በርቶ ቨርቹዋል ቦክስ በእሱ በኩል እየሠራ ነው ማለት ነው። ይዘገያል እንጂ ይሠራል።

እግረ መንገዴን፣ ኔትወርኩን ዘግተን ሌላ ቀዳዳ እንዳንተው። ሼርድ ፎልደር፣ የጋራ ኮፒ ፔስት፣ ፍላሽ ቀጥታ ወደ ቪኤም ማስገባት፣ ሦስቱም ቢሮ ውስጥ ይጥፉ። ዊንዶውስ ላይ የኢንተርኔት ማጋሪያው አለመከፈቱ ይታይ። ሊኑክስ ላይ አይፒ ፎርዋርዲንግ (ከአንዱ ካርድ ወደ ሌላው ማሳለፍ) መጥፋቱ ይረጋገጥ። ዶከር (ፕሮግራሞችን ለየብቻ ማስኬጃ) የጫነ ሰው በተለይ ይፈትሽ፣ ዶከር ራሱ ነው የሚያበራው። እነዚህ ከበሩ «ሆስት ኦንሊ» ስሙ ብቻ ሊቀር ይችላል።

ከባህል አዳራሽ፦
መነጠሉን በምን እናሳያለን? ኃላፊው «አሳዩኝ» ቢለን?

ከሐይቅ ዳር፦
ጥሩ ጥያቄ ነው ጋሼ። መጀመሪያ ቤት ይሞከራል። ቪኤሙ ውስጥ የራውቲንግ ሰንጠረዡ ይከፈታል፤ ነባሪ ጌትዌይ መኖር የለበትም። ከዚያ ሆን ብለን ላፕቶፑን ጌትዌይ አድርገን እንሰጠዋለን፣ የቤታችንን ራውተርም ፒንግ እናደርጋለን። እንዲያም ሆኖ መልስ ካልመጣ ጥሩ ምልክት ነው፤ ላፕቶፑ አሳልፎ መልሱ ብቻ ሊቀር ስለሚችል ግን ከላይ ያልኳቸው ማጋሪያና ፎርዋርዲንግ መጥፋታቸውም አብሮ ይታያል። ከደረሰ ያ ላፕቶፕ ተስተካክሎ እንደገና ሳይፈተሽ ቢሮ አይገባም። ቢሮ ውስጥ ያንኑ ፈተና የምናደርገው ኃላፊው ባለበት፣ እርስዎም እንዳሉት በፈቃዱ፣ እሱ በመረጠው አንድ አድራሻ ላይ ብቻ ነው።

ከታቦር፦
የቡድን ልምምድስ? ሦስት ላፕቶፕ ላይ ያሉ ቪኤሞች እንዲገናኙ ከተፈለገ «ሆስት ኦንሊ» አይበቃም፤ ከላፕቶፑ አይወጣም። አንድ ትንሽ ስዊችና ገመድ ይበቃናል። ስዊቹ ግድግዳው ላይ ካለው የቢሮ ሶኬት ጋር በፍጹም አይገናኝ። እዚያ ላይ «ብሪጅድ» መጠቀም ይቻላል፣ ግን በገመዱ ካርድ ብቻ። ዋይፋይ በሁሉም ላፕቶፕ ይጠፋል።

ከመናኸሪያ፦
«ብሪጅድ» ቦታ ተገኘለት ማለት ነው። ስዊቹን እኔ አመጣለሁ፣ ባለ 8 ፖርት አለኝ። ላፕቶፖቻችን አብዛኞቹ ባለ 8 ጊጋ ራም ስለሆኑ በላፕቶፕ ከሁለት ቪኤም እንዳያልፍ ይጻፍ። መብራት ሲሄድም ባትሪያቸው የሞተ ላፕቶፖች ይጠፋሉ። ስናፕሾት ከልምምዱ በፊት መወሰዱ ግዴታ ይሁን።

ጸሐፊ፦
በጣም ጥሩ። ረቂቁ እንዲህ ሆኗል፣ አንብባችሁ አርሙ።

«እኛ ስማችን ከታች የሰፈረው ሠራተኞች፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ የቪኤም ልምምድ እንድናደርግ ፈቃድ እንጠይቃለን። ቪኤሞቹ በ192.168.60 ኔትወርክ፣ በ«ሆስት ኦንሊ» ብቻ ይሠራሉ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ናት»ም ሆነ ከቢሮው ኔትወርክ ጋር የተያያዘ «ብሪጅድ» አንጠቀምም። ሶፍትዌር የሚጫነው በየቤታችን ነው። ሼርድ ፎልደርና የጋራ ኮፒ ፔስት ይዘጋሉ። እውነተኛ የደንበኛ ወይም የሠራተኛ መረጃ አይገባም። የቡድን ልምምድ ከቢሮው ጋር ባልተገናኘ በራሳችን ስዊች፣ ዋይፋይ ጠፍቶ ይሆናል። ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት መነጠሉን ኃላፊው ባለበት እናሳያለን። ኃላፊው በማንኛውም ጊዜ ልምምዱን ማስቆም ይችላል።»

ከሐይቅ ዳር፦
አንድ እርማት አለኝ። «በ«ሆስት ኦንሊ» ብቻ» የሚለው የቡድኑን ስዊች ይቃረናል። «በሆስት ኦንሊ ወይም በኢንተርናል፤ ለቡድን ልምምድ ግን ከታች በተገለጸው ስዊች» ይባል። ኃላፊው የኔትወርክ ሰው ካማከረ መጀመሪያ የሚያያት ያቺን ናት።

ከባህል አዳራሽ፦
የላፕቶፑ ባለቤት ማን እንደሆነም በየስሙ አንጻር ይጻፍ። የመሥሪያ ቤቱ የሆነው የፈቃዱ ደብዳቤ ቁጥር ይኑረው።

ጸሐፊ፦
ሁለቱም ገብተዋል። ኦቪኤውን ከታቦር የጻፈው ወንድማችን ያዘጋጃል፣ የፍተሻውን ቅደም ተከተል ከሐይቅ ዳር የጻፈችው እህታችን በአንድ ገጽ ትጽፍልናለች። ጋሼ ደብዳቤውን ይዩልንና ለየመሥሪያ ቤቱ እንከፋፈለው። ላፕቶፑን ቤት ፈትሾ ያለፈ ብቻ ስሙን ይላክልኝ።