ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከባዱ አጋዥ መጽሐፍ ይሻላል ወይስ ቀላሉ?

ጠያቂ (ሐዋሳ)፦
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ እህቴ ዘንድሮ በተፈጥሮ ሳይንስ ዘርፍ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ትወስዳለች። ለሒሳብና ለፊዚክስ ሦስት ዓይነት አጋዥ መጻሕፍት ከፒያሳ ገዝተንላታል። አንዱ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው የያዘ ቀጭን ጥራዝ ነው፤ ሁለተኛው በየምዕራፉ ማስታወሻና የመልስ ማብራሪያ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ነው፤ ሦስተኛው ለህንድ የምህንድስና መግቢያ ፈተና የተዘጋጀ ሲሆን፣ ጓደኞቿ «እሱን የሠራ ኢንትራንስ አያቅተውም» ይሏታል። እሷ ግን አንዷን ገጽ ስትታገል አምሽታ ተስፋ ቆርጣ ትተኛለች። በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ስለምታውቅ፣ ቀለል ያለውን መያዝ ያስፈራታል። በክብደቱ ለፈተናው የሚቀርበው የትኛው ነው?

የሒሳብ መምህር (ሐዋሳ)፦
የመጽሐፍን ክብደት በስሌቱ ርዝመት መለካት ተማሪዎችን ብዙ ጊዜ ያሳስታል። ምሳሌ ልስጥዎ። አንድ መጽሐፍ የመጀመሪያ አባሉ 3፣ የጋራ ልዩነቱ 4 የሆነ አሪትሜቲክ ሲኩዌንስ ሰጥቶ የ20 አባላቱን ድምር ቢጠይቅ፣ ቀመሩን የሸመደደ ሁሉ 820 ብሎ ያልፋል። ሌላው ስለዚያው ሲኩዌንስ «የመጀመሪያዎቹ n አባላት ድምር 2n²+n ከሆነ 10ኛው አባል ስንት ነው?» ብሎ ከምርጫዎቹ መካከል 210ን ያስገባል። 210 የአሥሩ አባላት ድምር እንጂ 10ኛው አባል አይደለም፤ የዘጠኙን ድምር 171ን ቀንሶ 39 የሚያገኘው ግን ሐሳቡ የገባው ተማሪ ብቻ ነው። ስሌቱ እጅግ አጭር ነው፤ ፈተናው የሚከብደውም በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ ወፍራሙ መጽሐፍ 210 ለምን ስሕተት እንደሆነ የሚያስረዳ ከሆነ ዋናው እሱ ይሁንላት፤ የመልስ ፊደል ብቻ ዘርዝሮ የሚያልፍ ከሆነ ግን ውፍረቱ አይጠቅማትም።

ቀጭኑን ጥራዝ ሰዓት ይዛ እንድትለማመድበት ወደኋላ ታቆየው፤ አስቀድማ ግን ማውጫውን ከመማሪያ መጽሐፏ ጋር ታመሳክር። ሥርዓተ ትምህርቱ ስለተለወጠ የድሮዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ አሁን ከምትማረው ጋር አይገጥሙም፤ በሌላ በኩል ሊኒየር ፕሮግራሚንግ ዛሬ ራሱን የቻለ የ12ኛ ክፍል የሒሳብ ምዕራፍ ነው።

በ2016 የተፈተነ ተማሪ፦
በመምህሩ ሐሳብ እስማማለሁ፤ ሆኖም የህንዱን መጽሐፍ ጨርሶ መጣል ተገቢ አይመስለኝም። በፊዚክስ የቬክተርና የእንቅስቃሴ ምዕራፎች ላይ የየክፍሉን የመጀመሪያ ጥያቄዎች መርጦ መሥራት ይጠቅማል። ነገር ግን ካልኩሌተር በማይገባበት ፈተና ለመቀመጥ፣ ያለ ካልኩሌተር የማይጨረሱ ቁጥሮች ላይ ምሽቱን ማሳለፍ ጉዳት ነው። ደግሞም ውጤቱ ከ600 የሚታሰበው በስድስት ትምህርቶች ነው፤ ሒሳብ ከእነሱ አንዱ ብቻ ሲሆን፣ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድም እኩል 100፣ 100 ይይዛሉ።

ጠያቂ፦
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የወፍራሙን መጽሐፍ መልሶች አሁን አይቼ ነበር፤ ሒሳቡ በሚገባ የተብራራ ሲሆን፣ ፊዚክሱ ግን ፊደል ብቻ ነው። ለፊዚክስ ሌላ መፈለግ ይኖርብናል ማለት ነው?

የሒሳብ መምህር (ሐዋሳ)፦
ከመግዛትዎ በፊት በመማሪያ መጽሐፉ የየምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን የክለሳ ጥያቄዎች ትጨርስ። ያቃቷትን ለይታ ለፊዚክስ መምህሯ ታሳይ፤ የትኛው ምዕራፍ ላይ ተጨማሪ መጽሐፍ እንደሚያስፈልጋት ያኔ በግልጽ ይታያል።