ሦስት ክረምት ያለፈው የባቄላ ዘር ይበቅላል ወይ?

ጥያቄ፣ ከእነዋሪ
ጤና ይስጥልኝ። ጎታ ውስጥ ሦስት ክረምት ያለፈው አንድ ኩንታል የባቄላ ዘር አለ። ነቀዝ አልነካውም፤ ቀለሙ ግን ወደ ቡናማ አድልቷል። ከዚያው ተቆንጥሮ ሲቀቀል፣ አድሮ ተዘፍዝፎም እንኳ ንፍሮው ቶሎ አይበስልም። በሰኔ መጨረሻ መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ ይዘራ ወይስ ሌላ ዘር ይፈለግ? ዘር ሲያረጅስ ውስጡ ምኑ ነው የሚበላሸው?

መልስ፣ ዘር አብቃይ ከደብረ ብርሃን
ወንድሜ፣ በዓይን አይፈርዱበት፤ ይፈትሹት። ከጎታው ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ዘግነው ያደባልቁ። ትልልቁን ሳይመርጡ 100 ፍሬ ይቁጠሩ፤ ዘሩ ከበቃዎት አራት ጊዜ 100 ቢሆን ይሻላል። የታጠበ አሸዋ በትሪ አድርገው ያርጥቡ፤ ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ውሃ ግን የማያንጠባጥብ ይሁን። ዘሩን 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀብረው 20 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ባለው ክፍል ያኑሩት። መጀመሪያ በ4ኛው ቀን፣ መጨረሻ በ14ኛው ቀን ይቆጠራል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሥር ብቅ ያደረገውን ሁሉ «በቀለ» ብሎ ይቆጥራል። ሥሩም ቡቃያውም ሙሉ የሆነው ብቻ ነው የሚቆጠር፤ ጫፉ የጠቆረ ወይም ሥር ብቻ አውጥቶ የቆመ አይገባም። በ14ኛው ቀን እንደ ጠጠር ደርቆ ውሃ ያልጠጣ ካለ ለብቻው ይጻፉት፤ ገለፈቱ ውሃ አላስገባ ብሎ እንጂ አልሞተም። ሲጫኑት የሚላላና የሚሸት ግን ሞቷል።

ለሩብ ሄክታር 50 ኪሎ የሚዘሩ ከሆነ፣ ያ መጠን 90 በመቶ ለሚበቅል ዘር ነው እንበል። የእርስዎ 72 ከወጣ፣ 50 ሲባዛ በ90፣ ሲካፈል ለ72፤ 62 ኪሎ ተኩል ይሆናል።

መልስ፣ የጥራጥሬ ባለሙያ
ስለ ውስጡ ለጠየቁት፦ ከደረቅ ባቄላ ክብደት ሩብ ያህሉ ፕሮቲን ነው። አብዛኛው ሌጉሚንና ቪሲሊን የሚባሉት ሲሆኑ፣ ቡቃያው ቅጠል አውጥቶ ራሱን እስኪችል ስንቁ ናቸው። ሙቀትና እርጥበት ሲደራረብበት ስኳር ከፕሮቲኑ ጋር ይጣበቃል፣ ኦክስጅንም ይጎዳዋል፤ በውሃ የመሟሟት አቅሙ ይቀንሳል። ስንቁን ቆራርጠው ለጽንሱ፣ ቡቃያ ለሚሆነው የፍሬው ክፍል፣ የሚያቀብሉት ኢንዛይሞችም ራሳቸው ፕሮቲን ስለሆኑ አብረው ይዳከማሉ። ምግቡ ክኩ ውስጥ እያለ ጽንሱ ይራባል።

ከዚያ የማይተናነሰው ጉዳት የሴሎቹ ስስ ሽፋን ነው። 50 ፍሬ በሩብ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ሌላ 50 የዘንድሮ ፍሬ በሌላ ብርጭቆ ለ24 ሰዓት ይዘፍዝፉ። ያረጀው ውሃውን ያደፈርሰዋል፤ ስኳርና ጨው እያፈሰሰ ነው። (ገለፈቱም ቀለም ስለሚለቅ በቡናማነቱ ብቻ አይፍረዱ።) አፈር ውስጥ ይህ ስኳር የሻጋታ ቀለብ ነው።

ንፍሮው አለመብሰሉም ከዚሁ ይመጣል። ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር ሲፈርስ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይለቅቃል፤ እነሱ ሴሎቹን ያያያዘውን ፔክቲን ያጠብቁታል፣ ቢቀቀልም አይላቀቅም። ዘሩን ሙቀትና እርጥበት እንዳገኘው ጠቋሚ ምልክት ነው፤ የብቅለት ፈተናውን ግን አይተካም።

መልስ፣ ከደነባ
የቤት ፈተናው ውጤት መረሬ ላይ ከሚበቅለው ይበዛል። ከማሳው አፈር አምጥተው ሁለተኛ ትሪ ይዝሩና ደጅ ያሳድሩት፤ በብርድና በጭቃ የሚወጣው ቁጥር ነው እውነተኛው። ደግሞ ያረጀ ደረቅ ዘር ከመዝራትዎ በፊት ውሃ ውስጥ አይንከሩ። ውሃው በአንድ ጊዜ ሲገባ የተዳከመውን ሽፋን ይቀደዋል። ይልቅ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው አሳድረው በማግስቱ ይዝሩት። ማሳውም መደብ ወጥቶለት ውሃው ካልተንጣፈፈ የዘሩ መጠን ቢጨመርም ትርፍ የለውም።

ከ60 በታች ከወጣ በእኔ ግምት ለዘር አይደክሙበት፤ ለሽሮ ያውሉት። መድኃኒት የተቀባ ከሆነ ግን ለሰውም ለከብትም አይሆንም።

ጠያቂው
እግዜር ይስጥልኝ። የሚመጣውን ዘር እንዴት ላስቀምጠው?

መልስ፣ የጥራጥሬ ባለሙያ
የዘሩ እርጥበት በ1 በመቶ ሲቀንስ፣ ወይም የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ዕድሜው እጥፍ ይሆናል ተብሎ ይገመታል። የደብረ ብርሃን ብርድ ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ዘር የሚያቆየው ለዚህ ነው፤ ምድጃ በላይ ያለ ቆጥ ደግሞ ያስረጀዋል። ሸራ ላይ በስሱ አስጥተው ያድርቁ። ድርቀቱን ለማየት በደረቅ ጠርሙስ ዘርና ደረቅ ጨው ጨምረው ይነቅንቁ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። አለመጣበቁ ብቻ አይበቃም፤ በከረጢት ለማሸግ ወደ 12 በመቶና ከዚያ በታች መውረድ አለበትና ጥቂት ቀን ይጨምሩለት፣ ወይም በመለኪያ ያስለኩ።

ከዚያ ፒክስ በሚባለው አየር በማያስገባ ሦስት ድርብ ከረጢት አየሩን ጨምቀው አውጥተው፣ ሁለቱን የውስጥ ፕላስቲኮች ለየብቻ ጠምዝዘው ይሰሩ። ነቀዙ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። እርጥብ ዘር ከታሸገበት ግን ይሻግታል። ከረጢቱን ሲሚንቶ ላይ ሳይሆን እንጨት ላይ ያሳርፉት፤ እስከ ሰኔም አይክፈቱት።