ታይላንድ በጡረታ፦ የ90 ቀኑ ሪፖርትና የቪዛ ማራዘሚያው

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። አጎቴ አሜሪካ ጡረታ ወጥቶ አሁን ቺያንግ ማይ ነው የሚኖረው። የአንድ ዓመት ማራዘሚያ አለው። በየ90 ቀኑ ሪፖርት ካደረግሁ ቪዛዬም በዚያው ይታደሳል ብሎ ድርቅ ብሏል። እውነት ነው?

መልስ፦ ኧረ አይደለም! ቶሎ ንገረው። የ90 ቀኑ ሪፖርት አድራሻን ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ብቻ ነው፣ ክፍያም የለውም። ከቀኑ 15 ቀን ቀድሞ ጀምሮ ካለፈም እስከ 7 ቀን ይቀበሉታል፣ ከዚያ ወዲያ 2,000 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ) ቅጣት አለ። ፓስፖርቱ ውስጥ የሚያያይዙለት ቁራጭ ወረቀት ላይ ያለው ቀን የሚቀጥለው ሪፖርት እንጂ የመኖሪያ ፈቃዱ ማብቂያ አይደለም፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ማራዘሚያው ለብቻው በየዓመቱ ይጠየቃል፣ 1,900 ባህት።

ሌላ መልስ፦ ልክ ነው። ማራዘሚያውን የሚጠይቀው በባንክ ያስቀመጠውን ገንዘብ አሳይቶ ከሆነ ደግሞ የሚፈለገው 800,000 ባህት ከማመልከቻው 2 ወር ቀድሞ መግባት አለበት፣ ከተፈቀደለት በኋላም 3 ወር አይነካም፣ ከዚያም ቢሆን ከ400,000 በታች እንዳይወርድ። እና እባክህ፣ ለለቅሶም ሆነ ለሠርግ አዲስ አበባ ከመሄዱ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ያውጣ። ሳያወጣ ከአገር ከወጣ ማራዘሚያው ይሰረዛል።

ጠያቂ፦ ተባረኩ! ወጥቶ ሲመለስስ 90 ቀኑ?

መልስ፦ ከገባበት ቀን እንደ አዲስ ይቆጠራል።