ለልጄ ጉንፋን ፕሮባዮቲክ ልግዛ ወይስ እርጎ ይበቃል?

ጥያቄ፦ እናት ከጎፋ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 4 ዓመቷ ነው። ኬጂ ከገባች ወዲህ ጉንፋን አልለቃት አለ። አንዱ ሲሻላት ሌላው ይተካል። ሰሞኑን ደግሞ ትውከትና ተቅማጥ ይዟት ነበር፤ ሐኪሙ ቫይረስ ነው አለን። ሰፈር ያለ ፋርማሲ «ኢሚውኒቲ ይጨምራል» ብሎ ፕሮባዮቲክ አሳየኝ። ዋጋው ግን አይቀመስም። እውነት ቫይረስ ይከላከላል? ቤት ያለው እርጎና እንጀራ አይተካውም? እናቴም አብራን ትኖራለች፣ ኪሞ (የካንሰር መድኃኒት) እየወሰደች ነው። ለእሷም ልስጣት አስቤ ነበር። የምታውቁ እባካችሁ።

ፋርማሲስት ከሐዋሳ
እህቴ፣ ከእናትሽ ልጀምር፣ እሱ ይቀድማል። የካንሰር ሐኪሟን ሳትጠይቂ እንዳትሰጫት። ፕሮባዮቲክ ማለት ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው። ኪሞ ነጭ የደም ሴል ሲያወርድ፣ ይህ ለጤነኛ ሰው የማይጎዳ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ገብቶ ሊያሳምማት ይችላል። ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን ከባድ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2023 ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት ሲሰጥ አደጋ እንዳለው ያስጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው።

የልጅሽ ሌላ ነው። ጤነኛ ልጅ ላይ ብዙም ጉዳት የለውም፤ ጥያቄው የምታወጪበትን ገንዘብ ያህል ይጠቅማል ወይ ነው። ኮክሬን የሚባለው የጥናት ገምጋሚ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 7,000 ሰው የተሳተፈባቸውን ጥናቶች ሰብስቦ አይቶ ነበር። ፕሮባዮቲክ ከወሰዱት መካከል ጉንፋንና የመሳሰለው የያዛቸው ሰዎች ቁጥር ወደ ሩብ ገደማ ቀንሷል። ሕመሙም ከአንድ ቀን ትንሽ በለጥ ያለ ጊዜ አጥሯል። ደስ ይላል፤ ግን ብዙዎቹ ጥናቶች ደካማ ስለነበሩ ገምጋሚዎቹ ራሳቸው «ሊቀንስ ይችላል» ብለው ነው የተናገሩት። በዚህ ላይ ጥቅሙ የታየው ቀድሞ ጀምሮ ለሳምንታት በየቀኑ በመውሰድ ነው። ከታመመች በኋላ መሮጥ ሌላ ነገር ነው።

ነርስ ነኝ፣ ሕፃናት ክፍል
በተቅማጡ ላይ እኔ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2018 አሜሪካና ካናዳ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ተደርገው ነበር። ትውከትና ተቅማጥ ይዟቸው ድንገተኛ ክፍል ለመጡ ሕፃናት ግማሾቹ ፕሮባዮቲክ፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት የማስመሰያ ዱቄት ተሰጣቸው። ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ለተቅማጥ ገንዘብሽን ለምለም በምንለው ኦአርኤስና በዚንክ ላይ አውጪው። ዚንኩ በቀን አንዴ ነው፤ ተቅማጡ ቢቆምም 10 ቀኑን አታቋርጪ። ዓይኗ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃታት ወይም ሽንቷ ከቀነሰ ቤት አትቆዩ።

የባዮሎጂ መምህር
ፕሮባዮቲክ ቫይረሱን ራሱ ያጠፋል ብለን ባናስብ ጥሩ ነው። አንጀታችን ግድግዳ ላይ እጅግ ብዙ የመከላከያ ሴሎች አሉ። ባክቴሪያው ሲደርሳቸው ይነቃቃሉ። አይጂኤ የሚባለው አንቲቦዲ (ሰውነት ጀርም የሚከላከልበት ፕሮቲን) በብዛት እንዲመረት፣ ሴሎችም ቫይረስ ሲገባ ኢንተርፌሮን የሚባለውን ቫይረስ የሚገታ ፕሮቲን ቶሎ እንዲያወጡ ሊያግዝ ይችላል። የአንጀትን ግድግዳም ሊያጠነክር ይችላል። ችግሩ ይህን የሚያደርገው ማንኛውም ባክቴሪያ አለመሆኑ ነው፤ የአንዱ ዝርያ ውጤት ለሌላው አይሠራም። ካርቶኑ ላይ «ላክቶባሲለስ» ብቻ ተጽፎ ከሆነ ምን እንደገዛሽ አታውቂውም። እንደ «ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂጂ» ሙሉ ስሙ መኖር አለበት። ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ የሚል ሆኖ መደርደሪያ ላይ ካገኘሽው ደግሞ ተዪው።

እማማ ከደብረ ብርሃን
ልጄ፣ እንጀራውን ለሆዷ አብዪያት እንጂ ለዚህ አትቁጠሪው። እርሾው ሕያው ነው፣ ምጣድ ላይ ሲጋገር ግን ያልቃል። እርጎው ደህና ነው። ግን ወተቱን አፍይው። ካፈላሽ በኋላ ለብ ሲል ከደህና እርጎ አንድ ማንኪያ ጨምረሽ ሸፍነሽ አሳድሪው። በወይራ የታጠነው ቅል ጣዕም ይሰጣል እንጂ ጥሬ ወተት ውስጥ ያለውን በሽታ አይገድልም። ብሩሴሎሲስ የሚባለውን ከከብት የሚተላለፍ በሽታ ያስያዘንን ጥሬ ወተት ስንቶቻችን እናውቃለን። ለእናትሽማ ያልፈላ ወተት ወደ ቤት አይግባ።

እናት ከጎፋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። የእናቴን ሐኪም ሰኞ እጠይቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ካለፈው የተረፈ አሞክሳሲሊን ቤት አለ። ጉንፋኑ ሲጠናባት ብሰጣትስ?

ፋርማሲስት ከሐዋሳ
በፍጹም። አሞክሳሲሊን ቫይረስ ላይ አይሠራም። ያንን ሁላችን የምናወራለትን የአንጀት ባክቴሪያ ግን ይገድለዋል። ደግሞ አንዴ የተበጠበጠ ሽሮፕ ከሆነ ጊዜው አልፎበታል፣ ድፊው። ትንፋሿ ከፈጠነ ወይም ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከገባ ግን ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ሐኪም መርምሮ አንቲባዮቲክ ካዘዘላትና ፕሮባዮቲክም ካለ፣ በመካከላቸው ቢያንስ 2 ሰዓት ይኑር።