የእናቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሰበረ፤ ነገ ሠርግ አለብን!

ትርንጎ (ቅዳሜ፣ ማታ 1:40)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። የእናቴ ጥርስ ከአንድ ሰዓት በፊት ተሰበረ። ነገ የታናሽ ወንድሜ ሠርግ ነው፤ ሙሽሪትን ደጅ ላይ ቆማ የምትቀበለው እሷ ናት። «ጥርስ ሳይኖረኝ ከጓዳ አልወጣም» ብላ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ተቀምጣለች። ቤት ውስጥ ሱፐር ግሉ አለ። ባጣብቀው በስንት ሰዓት ይደርቃል?

ወይዘሮ ሽሮ
አይዞሽ እህቴ። የአባቴን በሱፐር ግሉ አጣብቀንለት ሁለት ወር በልቶበታል። ደቂቃ አይፈጅም፣ አጣብቂው።

ፕላስተር
ሙጫውን አስቀምጪው! የጥርስ ላቦራቶሪ ሠራተኛ ነኝ። የላይኛው ነው የታችኛው? ሙሉ ነው ወይስ ጥቂት ጥርስ ብቻ ያለው? ስብራቱ የት ላይ ነው? የምትኖሩትስ የት ነው? ወይዘሮ ሽሮ፣ ከሁለት ወር በኋላስ ምን ሆነ?

ባለ ክራሩ
ምን ሲበሉ ተሰበረ?

ትርንጎ
ቆሎ። ያቀረበችላት እህቴ ናት። የላይኛው ነው፣ ሙሉ። ከሁለቱ የፊት ጥርሶች መካከል ተነሥቶ እስከ ላንቃው ጫፍ ለሁለት ተከፍሏል። አዳማ ነን።

ባለ ክራሩ
እንግዲህ እህትሽ ጥርስ ውስጥ ገባች። ያውም በሁለት በኩል።

ጡረተኛው መምህር
ልጆች፣ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ሲፈጽም በአፉ የቀረው የራሱ ጥርስ አንድ ብቻ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥርሱ የእንጨት ነበር የሚባለው ተረት ነው፤ የጉማሬ ጥርስና የሰው ጥርስ ጭምር ነበረበት። የዛሬው አክሪሊክ ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ ስለሆነ የራሱ ጠባይ አለው። በጥርስ ሳሙና አይፋቅም፤ ይጫርና ጭረቱ ውስጥ ቆሻሻ ይሰገሰጋል። በለስላሳ ብሩሽና በተራ ሳሙና ይታጠባል። የፈላ ውሃ ቅርጹን ያጣምመዋል። ሲታጠብ ከሥሩ ውሃ የያዘ ሳህን ይቀመጣል፣ ከእጅ ቢያመልጥ እንዳይሰበር። ማታ ወልቆ ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ድዱም ይተነፍሳል። አፋቸው ውስጥ ከትመው የሚያድሩ ሰዎች ላንቃቸው ቀልቶ በፈንገስ ሲቆስል አይቻለሁ።

ወይዘሮ ሽሮ
መምህር፣ ሙሽራው ሊነሣ ነው እርስዎ ዋሽንግተን ላይ ነዎት።

ሰንበሌጥ
እኔ የማይገባኝ ሌላ ነው። ያለ ጥርስ ቢወጡ ምን ይሆናል? አያቴ በድዳቸው እየሳቁ አምስት ልጅ ድረዋል። እናትሽን ማሳመን ይቀልሻል።

ትርንጎ
አንተ ና አሳምናት።

ዳዊት ከመርካቶ
የሚወልቅ ጥርስ እኮ ጊዜው አልፎበታል። ለምን የሚተከለውን አታሠሩላትም?

ትርንጎ
ነገ ጠዋት ነው እያልኳችሁ!

ፕላስተር
እህቴ፣ እኔን ስሚኝ። ቆሎው ሰበብ ነው። ጥርሱ ስንት ዓመት ሆነው? ሲያወሩ ይንሸራተት ነበር?

ትርንጎ
11 ዓመት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ እየወረደ ያስቸግራታል። ጥጥ ጠቅልላ ከላዩ ስትወትፍ አይቻታለሁ። ጠይቄያት «ምንም አይደል» አለችኝ።

ፕላስተር
በቃ፣ እሱ ነው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ መንጋጋው ላይ ያለው አጥንት በየዓመቱ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ የላንቃው መካከል ግን እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ የላይኛው ጥርስ ድንጋይ ላይ እንደተጋደመ ጣውላ መካከሉ ላይ ይወዛወዛል። በተነከሰ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይለምጣል፤ መሰንጠቅ የሚጀምረውም ከፊት ጥርሶቹ መካከል ነው። ቆሎው የመጨረሻዋን አቀበለው እንጂ ሥራው ከቆየ ጀምሮ እየተሠራ ነበር።

ሙጫው የሚከለከለው ለዚህ ነው፦ ሁለቱ ግማሾች የፀጉር ያህል ተዛንፈው ከተጣበቁ አፍ ላይ አይገጥሙም። የደረቀው ሙጫ ደግሞ እኛ ጠርዙን በትክክል እንዳንገጥመው ያደርጋል። ለአፍ የተሠራ ስላልሆነም ምግብ ላይ ሳለ ይለቅና ስባሪው ወደ ጉሮሮ ይሄዳል። እኛ ጋ ሲመጣ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመን፣ ከሥሩ ጄሶ አፍስሰን፣ ስንጥቁን ሞርደን በአዲስ አክሪሊክ እንሞላዋለን። ሥራው ራሱ የአንድ ሁለት ሰዓት ነው። ችግሩ ቅዳሜ ማታ መሆኑ ነው። ጥርሱን የሠራው ክሊኒክ ስልክ ካለሽ አሁኑኑ ደውዪ። ስባሪዎቹን አጥበሽ ግጠሚያቸው፤ ክፍተት ካለ የጎደለ ቁራጭ አለ ማለት ነው፣ ከቆሎው ውስጥ ፈልጊው። ካጣሽውና እናትሽ ማሳል ከጀመሩ ግን ጥርሱን ትተሽ ሐኪም ቤት ውሰጃቸው።

ትርንጎ
ገጠምኩት፣ የጎደለ የለም። ክሊኒኩ ስልክ አያነሣም።

የጎጃሟ
አሮጌ ጥርስ የላቸውም? ከዚህ በፊት ያሠሩት? እናቶች እንዲህ ያለ ነገር አይጥሉም።

ዘግይቶ የመጣ
መልሶቹን አላነበብኩም፤ ሱፐር ግሉ ይሠራል።

ትርንጎ (ማታ 3:05)
የጎጃሟ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ! ሳጥኗ ውስጥ ከጋብቻ ቀለበቷ ጋር በመሐረብ ተቋጥሮ ተገኘ። በቀኝ ጎን አንድ ጥርስ ወልቆበታል፤ ደርቆ ነጭ ሆኗል።

ፕላስተር
ጥሩ። በሳሙና እጠቢውና ሌሊቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደር። ጠዋት ይላላ ይሆናል፤ ለሰው ሠራሽ ጥርስ ማጣበቂያ የሚሆን ቅባት ፋርማሲ ጠይቂ። ጥርሱን አድርቀሽ የሽንብራ ፍሬ የምታህል በሦስት ቦታ አድርጊ፣ አትለቅልቂው። ለአቀባበሉና ለፎቶው ያገለግላል። ሲበሉ ግን ያውልቁት፤ ካቆሰላቸውም ወዲያው። ሰኞ የተሰበረውን እርጥብ ጥጥ ውስጥ አድርጋችሁ ወደ ላቦራቶሪ፤ ለ11 ዓመት ጥርስ ግን ምክሬ አዲስ ማሠራት ነው።

ባለ ክራሩ
የወለቀው በቀኝ ጎን ከሆነ ፎቶ አንሺው ከግራ ይቁም።

ባለ ክራሩ (ማክሰኞ)
ትርንጎ፣ እማማ ወጡ ወይስ ጓዳ ቀሩ? መተኛት አቃተን።

ወይዘሮ ሽሮ (ረቡዕ)
ፕላስተር ከሁለት ወር በኋላ ምን ሆነ ብለኸኝ ነበር። እንደገና ተሰበረ። ባለሙያው ሙጫውን አይቶ «ይህንን አልነካም» አለና አዲስ አሠራን።