ሐይቅ ዳር ለሚተከል ቀላል አግዳሚ ወንበር ልኩ ስንት ይሁን?

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ መደገፊያ የሌላቸው፣ እግራቸው ኮንክሪት፣ መቀመጫቸው እንጨት የሆኑ ባለ 1.80 ሜትር አግዳሚዎች ልንሠራ ነው። ልኩንና አሠራሩን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩን።

መልስ 1፦ ከፍታው ከመሬት 45 ሳ.ሜ ይሁን። 10 ሳ.ሜ ስፋትና 4 ሳ.ሜ ውፍረት ያላቸው 4 ጣውላዎች፣ በመሀላቸው 1 ሳ.ሜ ክፍተት፤ በድምሩ 43 ሳ.ሜ ይመጣል። ክፍተቱን አትዝለሉት፤ ከሌለ የዝናብ ውሃ በጣውላዎቹ መሀል ተኝቶ እንጨቱን ያበሰብሳል። እግሮቹን በ1.20 ሜትር ርቀት አስቀምጡ። ርጥብ ባሕር ዛፍ ግን አደራ! ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ጫፉም ይሰነጠቃል። በደንብ የደረቀ ጽድ ካገኛችሁ እሱን ያዙ።

መልስ 2፦ ፌሮው ከኮንክሪቱ ፊት ቢያንስ 4 ሳ.ሜ ወደ ውስጥ ይግባ። ፌሮ ሲዝግ ያብጣል፣ ኮንክሪቱን ገፍቶ ያራግፈዋል። ከሞላችሁ በኋላ 7 ቀን ውሃ አጠጡት። ቡሎኑን ከታች እሰሩት፤ ከላይ ከወጣ ልብስ ይቀዳል።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን። ሁሉም ያለ መደገፊያ ቢሆኑስ?

መልስ 2፦ አይሆንም። አረጋውያን ለመነሳት እጃቸውን የሚያሳርፉበት ይፈልጋሉ። ከሦስቱ አንዱ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ይኑረው፤ ከጎኑም ለተሽከርካሪ ወንበር 90 ሳ.ሜ ክፍት ቦታ ተዉ።